ልጆቼ ማታ የሚሰሙት ተረት

ሰሞኑን እናቶች ስንገናኝ ወሬው ሁሉ ልጅ ማስተኛት ሆኗል። እኔ ደሞ ቤታችን ማታ ማታ ኦዲዮ ተረት እንደምንከፍት ስናገር ግማሹ "እንዴ ስልክ ይዘው ነው የሚተኙት?" ይለኛል፣ ግማሹ "የትኛውን ልክፈት?" ይለኛል፣ ስለዚህ ለእያንዳንዱ በቴክስት ከምመልስ አንዴ ረጋ ብዬ ልጻፈው ብዬ ነው።

እኛ የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ትልቋ 6 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ 4፣ ሁለቱም የሚተኙት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። እኔ ሆስፒታል ነው የምሠራው፣ በሳምንት የተወሰኑ ቀናት የማታ ሺፍት አለኝ፣ በነዛ ቀናት ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን ከቤት እወጣለሁ፣ ባለቤቴ ከሥራ ይገባና እራት አብልቶ ያስተኛቸዋል። እዚህ አካባቢ ያለ አበሻ ይሄን ኑሮ በደንብ ያውቀዋል፣ አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል፣ ልጆቹ ማታ የሚያገኙት ሁለታችንንም ሳይሆን አንዳችንን ነው። ለዛ ነው ማታ የሚደረገው ነገር እሱም ይኑር እኔም ልኑር አንድ አይነት እንዲሆን የፈለግነው።

እንዲህ ነው የምናደርገው። እራት፣ ሻወር፣ ፒጃማ፣ ጥርስ፣ አጠር ያለች ጸሎት፣ ከዛ ቤት ያለው ሰው አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ አንድ መጽሐፍ ያነብላቸዋል፣ በእጅ የሚያዝ፣ ሥዕል ያለው፣ ገጹን እነሱ የሚገልጡት መጽሐፍ። መብራት የሚጠፋው ከዛ በኋላ ነው፣ ኦዲዮው የሚከፈተውም ያኔ ነው። ቅደም ተከተሏን አደራ። ኦዲዮው የእናትና የአባትን ቦታ እንዲወስድ አይደለም የሚከፈተው፣ ደህና እደሩ ተባብለን ከወጣን በኋላ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ላለችው ጊዜ ነው። ያቺን ጊዜ ልጅ ያለው ሁሉ ያውቃታል። ውሃ ጠማኝ ይመጣል፣ ሽንቴ መጣ ይመጣል፣ "እማዬ አንድ ጥያቄ ብቻ" ይመጣል፣ ጥያቄው ደሞ ሰው ሲሞት የት ነው የሚሄደው ይሆናል። ልጅ ጨለማ ውስጥ ምንም የሚሰማው ነገር ሳይኖር ሲተኛ ሐሳቡ ይሮጣል፣ ቀን ትምህርት ቤት ያኮረፈችው ጓደኛዋም ትመጣለች፣ ቁም ሳጥኑም ሰው ይመስላል። ጆሯቸው አንድ ነገር ሲከተል ግን ሰውነታቸው ዝም ይላል፣ ይሄን በዓይኔ ነው የማየው፣ ትንሹ እግሩን ግድግዳው ላይ እየመታ ነው የሚጀምረው፣ ተረቱ መሀል ሲደርስ እግሩ ራሱ ወርዶ ብርድ ልብሱ ውስጥ ይገባል።

አንዳንድ ሰው ይሄን የፈረንጅ ነገር አድርጎ ሲያየው ይገርመኛል። እኛ እኮ በጆሮ ያደግን ሕዝብ ነን! ወላጆቻችን ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርከው ነው የሰሙት፣ ስንት ሰው ነው መጽሐፉን በእጁ ሳይነካ በዛብህንና ሰብለወንጌልን እንደ ጎረቤቱ የሚያውቃቸው። እኛ ልጆች ሆነን ደሞ አባባ ተስፋዬ ሣህሉ በቴሌቪዥን ልጆች የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች ብለው ሲጀምሩ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ይሰበሰብ ነበር። እሳቸው በ2009 ዓ.ም. አረፉ፣ ነፍሳቸውን ይማርና ከ40 ዓመት በላይ ለኢትዮጵያ ልጆች ተረት ነገሩ፣ ያኔ አየናቸው እንላለን እንጂ ዋናው ድምፃቸው ነበር፣ ዛሬም ዓይኔን ብጨፍን ድምፃቸው ነው የሚመጣልኝ። ከዛ በፊት ያለውማ ግልጽ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ተሰብስቦ ተረት ተረት፣ የላም በረት። ስለዚህ ልጅን በተረት ማስተኛት ለኛ አዲስ ነገር አይደለም፣ አዲስ የሆነው ዕቃው ብቻ ነው።

እሺ አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ምን ይከፈት የሚለው። የኔ መልስ አጭር ነው፣ ማታ የሚከፈተው ልጁ የሚያውቀው ተረት ነው። አዲስ ተረት ለመኪና ነው፣ ለቅዳሜ ጠዋት ነው፣ እኔ ወጥ ስሠራ ሳሎን ምንጣፍ ላይ እየሣሉ የሚሰሙት ነው። አዲስ ታሪክ ልጅን ያነቃል እንጂ አያስተኛም፣ ምን ሊሆን ነው እያለች ዓይኗን አፍጥጣ ትጠብቃለች፣ በተለይ ትልቋ መጨረሻውን ሳታውቅ አትተኛም፣ እንደውም ክፍሉ ሲያልቅ ተነስታ ቀጣዩን ክፈቱልኝ ትላለች። የምታውቀው ሲሆን ግን መጨረሻውን መጠበቅ የለባትም፣ የት እንደሚሄድ ታውቃለች፣ ስለዚህ መሀል ላይ ብትተኛም ምንም አይቀርባትም። አዋቂ ሰው ሁሌ አንድ ነገር መስማት ይሰለቸዋል፣ ልጅ ግን አይሰለችም፣ እኔ በቃ ሰለቸኝ ያልኩትን ተረት እነሱ ለሳምንታት እሱኑ ክፈቱ ይላሉ፣ እኔም እከፍታለሁ።

ለማታ ከሰማሁት ሁሉ የሚበልጥብኝ ማሞ ቂሎ ነው። ታውቁታላችሁ፣ በየሰዉ አፍ ትንሽ ትንሽ ይለያያል፣ በኛ ቤት የሚሰማው እናቴ የምትናገረው ነው። ማሞ ሥራ ይሄድና ሳንቲም ይከፈለዋል፣ በእጁ ይዞ ሲመጣ መንገድ ላይ ይጥለዋል፣ እናቱ "ምነው ኪስህ ብትከተው?" ትለዋለች። በማግስቱ ወተት ይሰጡታል፣ ኪሱ ውስጥ ያፈሰዋል። "ምነው ጭንቅላትህ ላይ ብትሸከመው?" ትለዋለች። በማግስቱ ቅቤ ይሰጡታል፣ ጭንቅላቱ ላይ ይሸከመዋል፣ ፀሐይ ያቀልጠዋል። "ምነው በገመድ አስረህ ብትጎትተው?" ሥጋ ይሰጡታል፣ በገመድ አስሮ ይጎትተዋል፣ ውሻ ይበላዋል። "ምነው ትከሻህ ላይ ብትሸከመው?" አህያ ይሰጡታል፣ አህያውን ተሸክሞ ሲመጣ ስቃ የማታውቅ የሀብታም ልጅ በመስኮት አይታው ትስቃለች፣ ከዛ ያው ሠርግ ነው። ይሄ ተረት ለመኝታ እንዴት እንደሚመች ልብ በሉ፣ በየቀኑ አንድ አይነት ነገር ነው የሚሆነው፣ ይሄዳል ይመለሳል፣ ይሄዳል ይመለሳል፣ የሚለወጠው ዕቃው ብቻ ነው። ልጆቹ ከእናቱ ቀድመው "ምነው ኪስህ ብትከተው" ይላሉ፣ ወተቱ ላይ ይስቃሉ፣ ቅቤው ላይ ድምፃቸው ይቀንሳል፣ ትንሹ አህያው ጋ የደረሰበትን ቀን አላስታውስም።

የጅብ ነገርን ግን አስቡበት። ተረቶቻችን ውስጥ አያ ጅቦ የሌለበት ጥቂት ነው፣ ብዙዎቻችን ደሞ "ተኛ ጅብ መጣ!" እየተባልን ነው የተኛነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ልጅ ፈርቶ ዝም ማለቱ መተኛቱ አይደለም፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ ላብ በላብ ሆኖ ጆሮውን አቁሞ ነው የሚያመሸው። ጅቡ የሚሞኝበት፣ ጦጢት የምታታልለው አይነት ቀለል ያለ ተረት ችግር የለውም፣ ሰው የሚበላበት፣ በር የሚያንኳኳበት ግን በቀን ይሰማ፣ በቀን እኮ ሲሰሙት በሳቅ ነው የሚሞቱት። ሌላው ደሞ ሙዚቃና የእንስሳ ጩኸት በየመሀሉ የሚገባበት ቅጂ አለ፣ አንበሳው ድንገት ያገሳል፣ በቃ ግማሽ የተኛው ልጅ ዘሎ ይነሳል። ለማታ የሚሻለው አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ፣ ሳይቸኩል።

ድምፅ ካልኩ አይቀር ስለ እናቴ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር ቤታችን ውስጥ የያዘው በእሷ ነው። እናቴ አዲስ አበባ ነው ያለችው። ልጆቹ እማማ ነው የሚሏት፣ ተረት እንድትነግራቸው በቪዲዮ ኮል ሞክረን ሰዓቱ ሊገጥም አልቻለም፣ እዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ልጆቹ ሲተኙ እዛ በበጋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፣ በክረምት 10 ሰዓት፣ ማለቴ በአሜሪካ በጋና ክረምት፣ እዚህ ሰዓት ስለሚቀያየር። ማንም እናቱን በዛ ሰዓት አይቀሰቅስም። ከዛ "እማዬ፣ አንቺ በተመቸሽ ሰዓት በቴሌግራም ቮይስ ላኪልኝ" አልኳት፣ እሷም ጠዋት ቡናዋን ጠጥታ ስትጨርስ አንድ አንድ ተረት እየቀዳች ትልክልኝ ጀመር። መጀመሪያ አካባቢ ስልክ ላይ ደቂቃ የሚቆጥርባት ይመስል ትቸኩል ነበር፣ "ተረት ተረት የላም በረት" ብላ ራሷ ጠይቃ ራሷ መልሳ ትቀጥል ነበር። "እማዬ ተረት ተረት በይና ቆም በይ፣ ልጆቹ ይመልሱልሽ" አልኳት። አሁን "ተረት ተረት" ትልና ዝም ትላለች፣ ያቺ ዝምታ ውስጥ የጎረቤት በር ሲንኳኳ ይሰማል፣ ዶሮ ይሰማል፣ አንዳንዴ ከሩቅ ቅዳሴ ይሰማል፣ እዚህ ደሞ ሁለቱ ከአልጋቸው ሆነው "የላም በረት!" ይላሉ፣ ከዛ እሷ "ጎሽ" ብላ ትቀጥላለች። ጎሹን ማንም አልነገራትም፣ ራሷ ናት የጨመረችው። መጨረሻ ላይ ደሞ "ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ" ብላ ስም ጠርታ ደህና እደሩ ትላቸዋለች።

ከአማርኛቸው አንጻር ያየሁትንም ልናገር። ትልቋ ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ነው የምትውለው፣ ቤት ስትገባ በአማርኛ ስናናግራት በእንግሊዝኛ የምትመልስበት ጊዜ ይበዛል፣ ይሄ እዚህ ያለ ወላጅ ሁሉ ጭንቀት ነው። በቀን አማርኛ ተናገሪ ስትባል ትግል ይሆናል። ማታ ግን ማንም ተናገሪ አይላትም፣ ዝም ብላ ትሰማለች፣ ከዛ በማግስቱ ወንድሟ ጫማውን ሲፈልግ "ምነው ሳጥን ውስጥ ብትከተው?" ትለዋለች፣ ከየት አመጣችው፣ ከማሞ እናት ነው። እኔ ቤት ውስጥ በዚህ አይነት አነጋገር አላወራም፣ እናቴ ናት እንደዛ የምትናገረው። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ደንብ አወጣን፣ ማታ አማርኛ፣ መኪና ውስጥ እንግሊዝኛም ይሆናል። ለእንግሊዝኛው የላይብረሪ ካርድ ካላችሁ ሊቢ የሚባለው አፕ በነጻ ነው፣ ብዙ የልጆች ኦዲዮ መጽሐፍ አለበት፣ አማርኛ ግን እዛ ብዙ አትጠብቁ። ለአማርኛ የሚሻለው ራሳችሁ መቅዳት ነው፣ አያት፣ አክስት፣ አጎት፣ ንስሐ አባትም ቢሆን፣ ተረት የማያውቅ ሰው ያለበት የአበሻ ቤተሰብ እስካሁን አላጋጠመኝም።

የማታ ሺፍት ያለብኝ ቀን ደሞ የኔ ድምፅ ነው የሚከፈተው። አንድ ከሥራ ያረፍኩበት ቀን ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቼ፣ ልብስ ድምፅ ስለሚውጥ አያስተጋባም፣ ስልኬን አፌ አጠገብ ይዤ የሚወዷቸውን ሥዕል መጻሕፍት አነበብኩላቸው፣ ገጽ የሚገለጥበት ቦታ ላይ "እሺ ገልጥ" እላለሁ፣ መጽሐፉን አባታቸው ይዞላቸው እነሱ ይገልጣሉ። የተቀዳ ድምፅ እናት አይሆንም፣ ይሄን አውቃለሁ፣ ሕፃን ልጅ አቅፎ የሚተኛው ሰው እንጂ ድምፅ አይደለም። ግን "ስተኛ እማዬ የለችም" ብሎ ማልቀስና "እማዬ እያነበበችልኝ ተኛሁ" ማለት ልዩነት አለው። ባለቤቴ በብሬክ ሰዓቴ ደውሎ "እሺ ገልጥ ላይ ተኙልሽ" ሲለኝ ሌሊቱ ይቀለኛል።

ዕቃው ምንድነው ለምትሉኝ፣ በስልክም ይሆናል፣ በተለየ ማጫወቻም ይሆናል። እኛ መጀመሪያ በስልክ ነበር፣ ስልኩ ግን ክፍሉ ውስጥ ካደረ ቴክስት ይመጣል፣ መብራቱ ይበራል፣ ልጁም ስልክ መሆኑን ስለሚያውቅ ላየው ይላል። በስልክ ከሆነ ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፣ ፊቱን ደፍታችሁ ልጁ የማይደርስበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት። አይፎን ያላችሁ ክሎክ ውስጥ ገብታችሁ ታይመሩን ስትሞሉ ሲያልቅ ከሚጮኸው ድምፅ ዝርዝር መጨረሻ ላይ "ስቶፕ ፕሌይንግ" የሚል አለ፣ እሱን ከመረጣችሁ የሚጫወተውን ነገር ራሱ ያቆመዋል፣ ሊቢም የራሱ ስሊፕ ታይመር አለው። ቪዲዮ ላይ ያለ ተረት ከፍቶ ስልኩን ደፍቶ ማስቀመጥ ግን አልመክርም፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላ ምን እንደሚቀጥል አታውቁም፣ ማስታወቂያውም ከተረቱ በላይ ይጮሃል።

አሁን ያለን ዮቶ የሚባለው ነው፣ ካርድ የሚገባበት ትንሽ ሳጥን ነገር፣ ቶኒስ የሚባልም አለ፣ እሱ ላይ ደሞ ትንንሽ አሻንጉሊት ነው የሚቀመጠው። ሁለቱም ቪዲዮ የላቸውም፣ ሁለቱም ላይ የራሳችሁን ቅጂ የምትጭኑበት ባዶ ካርድ ወይም ባዶ አሻንጉሊት ይሸጣል፣ እኔ የፈለግኩት ለሱ ነበር። ከቴሌግራም የወረደው ቮይስ ኦግ የሚባል ፋይል ስለሆነ ወደ ኤምፒስሪ ቀይሬ በስልኬ አፕ ካርዱ ላይ እጭነዋለሁ፣ አስቸጋሪ አይደለም። አንዴ ከወረደ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ አዲስ አበባ ስንሄድም ይዘነው ነው የምንሄደው። ዋጋው ርካሽ አይደለም፣ አንዳንድ ላይብረሪዎች እንደ መጽሐፍ ያውሱታል፣ ሳትገዙ በፊት ላይብረሪያችሁን ጠይቁ። ካልሆነም ያረጀ ስልክ ሲም ካርዱን አውጥታችሁ ለዚህ ብቻ ብትመድቡት ይሠራል፣ እኔ ለእህቴ ልጆች አዲስ አበባ ያደረግኩላት እንደዛ ነው።

ድምፁን ዝቅ አድርጉት። ልጁ ለመስማት ትንሽ ዝም ማለት ካለበት ልክ ነው፣ ከኮሪደር የሚሰማችሁ ከሆነ በዝቷል። የሕፃናት ሐኪሞች ለጨቅላ የሚከፈት፣ ድምፅ እያሰማ የሚያስተኛ ማሽን ከአልጋው 2 ሜትር ያህል እንዲርቅ ነው የሚመክሩት፣ እኔ ለትልልቆቹም በዚሁ ነው የምሄደው፣ ሳጥኑ ከአልጋቸው ማዶ ነው ያለው። ጆሮ ላይ የሚደረግ ነገር አድርጎ መተኛትማ በፍጹም። የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ ስክሪን ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ይጥፋ ይላል፣ ኦዲዮው የጠቀመን አንዱ እዚህ ላይ ነው፣ ቴሌቪዥን ስናጠፋ "ከዛስ ምን እናድርግ?" ለሚለው ጥያቄ መልስ አለን። ለሰዓቱ ደሞ የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው አለ፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ የቀኑን እንቅልፍ ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ደሞ ከ9 እስከ 12 ሰዓት። የኛዎቹ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኝተው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ይነሳሉ፣ ትንሹ ከሰዓት ትንሽ ያሸልባል። ተረቱ ይሄን እንቅልፍ የሚያሳጥር ከሆነ ጥቅም የለውም፣ ስለዚህ ታይመራችን 20 ደቂቃ ነው፣ ጨምሩልን ሲሉ አንጨምርም፣ "እማማም ተኝታለች" ነው የምንላቸው፣ እሱ ይገባቸዋል።

ሁለት ልጅ አንድ ክፍል ካላችሁ የማን ይከፈት የሚለው ጠብ ይመጣል። እኛ ጋ ቀኑን በጎዶሎና በሙሉ ቁጥር ተከፋፍለዋል፣ የዛሬው ተራ የማን እንደሆነ ከእራት በፊት ነው የሚነገረው፣ አልጋ ላይ ከተከፈተ ክርክር ማንም አይተኛም። ካርዱን ማስገባት ደሞ ተራው ያልደረሰው ልጅ ሥራ ነው፣ እንደዛ ስናደርግ ሁለቱም ድርሻ አላቸው።

ለሁሉም ልጅ ይሠራል አልልም። ድምፅ ካለ ጭራሽ የማይተኛ ልጅ አለ፣ የጓደኛዬ ልጅ እንደዛ ናት፣ እያንዳንዷን ቃል ተከትላ ታመሻለች፣ እሷ ቤት ተረቱን ከእራት በኋላ ሶፋ ላይ ሰምተው ጨርሰው በጸጥታ ነው የሚተኙት፣ እሱም ጥሩ ነው። መሞከር ለምትፈልጉ ግን የምመክራችሁ ዓርብ ማታ እንድትጀምሩ ነው፣ በማግስቱ ትምህርት የለም፣ መጀመሪያ ቀን ከጉጉቱ የተነሳ ማምሸታቸው አይቀርም። ተረቱን ደሞ ቀደም ብላችሁ በዛው ሳምንት በቀን ደጋግማችሁ አሰሟቸው፣ ዓርብ ሲደርስ በቃላቸው ይዘውት ይጠብቃሉ።